ኡወይስ ያልፈረመበት ባቡር

የዚያ ዓመት የጥር ብርድ፣ አቤት፣ ብረት በባዶ እጁ የነካ ሰው ቆዳውን ትቶ ይመለስ ነበር። የድሬዳዋው ልጅ ኡወይስ ግን በዚያ ውርጭ፣ ፍራንክፈርት የዕቃ ባቡር ጣቢያ ውስጥ እየዞረ የፉርጎውን የብረት ጎማ በመዶሻ ይመታና ያደምጣል። ደህናው ጎማ እንደ ደወል ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይታፈናል። ይህን ያስተማሩት የምድር ባቡር ሠራተኛ የነበሩት አባቱ ናቸው።

አንድ ማለዳ አሥራ አራተኛው ፉርጎ ላይ ድምፁ ታፈነበት። «አይሄድም» የሚለውን ቀይ ወረቀት ለጠፈበት። አለቃው መጥቶ ጎማውን በባትሪ አየና ምንም ስላላገኘ ወረቀቱን ገነጠለው።

«ፈርምና ይሂድ፤ አለዚያ ከነገ ጀምሮ መጋዘን ትጠርጋለህ» አለው። ያለ ኡወይስ ፊርማ ባቡሩ አይነሳም።

ሾፌሯ ፋሲካ በመስኮት ብቅ አለች። «ጋሽ ኡወይስ፣ ለእርስዎ ጆሮ እኮ በብርድ ቀን ያልታመመ ጎማ የለም። ይፈርሙልኝና ልሂድበት።»

«አንቺ ልጅ፣ ከፊት የምትቀመጪው አንቺ ነሽ። እኔ ቀብርሽን አልፈርምም።»

እስክሪብቶውን ኪሱ ከቶ ሌላ ቀይ ወረቀት ለጠፈ። ፋሲካ ሞተሩን አጠፋች። አለቃው ጮኾ ጮኾ ሲደክመው ፉርጎው ተፈታ። ጎማው በመሣሪያ ሲመረመር ከውስጥ በኩል ፀጉር የምታህል ስንጥቅ ተገኘች።

አለቃው ይቅርታ አላለም። በማግስቱ መጥረጊያ አቀበለው። ኡወይስ መጥረጊያውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ መዶሻውን አነሳና ወደ ሐዲዱ ሄደ። የከለከለው የለም።

ባለፈው ሳምንት ፋሲካ ስታየው እዚያው ጣቢያ፣ አምስተኛው ሐዲድ ላይ፣ የጠዋቱን ሺፍት እየሠራ ነበር።