ሳልገለብጥ የዘለልኩት አንቀጽ

ይህን ለነፍስ አባቴም አልነገርኩም። ለአንተ ለአንባቢዬ ግን ሳላስጌጥ እነግርሃለሁ፦ እኔ የሰው ጽሑፍ ሰርቄአለሁ።

ጎንደር ውስጥ ባለ ሐኪም ቤት ድሬሰር፣ ማለትም የሐኪም ረዳት ነኝ። የፈረንጁን ፊደል ከመድኃኒት ካርቶን ላይ ለቅሜ፣ ያለ አስተማሪ የተማርኩ ነኝ። የእጅ ጽሑፌ ሸጋ ነው፤ ይህን ስል አላፍርም። ከስድስት ዓመት በፊት ሐኪሙ የግርሻ ትኩሳት በሽተኞችን አያያዝ ጽፈን እንድናቀርብ ሲያዙን፣ ከራሴ የምጽፈው አልነበረኝም። ቅማል የሚያስተላልፈውን ይህን በሽታ ለዓመታት ያስታመሙት አንጋፋው ድሬሰር አያ ፈንቴ ነበሩ። ያዩትን ሁሉ በደብተር አስፍረዋል። «ተማርበት» ብለው አዋሱኝ። እኔ ገለበጥኩት። ከግርጌው ስሜን ጻፍኩ።

አንድ አንቀጽ ብቻ ዘለልኩ። አያ ፈንቴ የአንዲት በሽተኛ ልብስ ሁሉ አስቀቅለው መቀነቷን እንደ ረሱ፣ ቅማሉም ከእጥፋቱ ተርፎ ሕመሙን ለቤተሰቧ እንዳዛመተ ጽፈው ነበር። ያላጠፋሁትን ጥፋት በስሜ ለምን ላስገባ? ያልኩት ይህንኑ ነው። ሌባ ሆኜ እንኳ ለስሜ እሳሳ ነበር!

ሐኪሙ ጽሑፉን በሁላችን ፊት አነበቡት፤ አመሰገኑኝ። አያ ፈንቴ ሰምተው ወደ በሽተኞቻቸው ተመለሱ። ወረቀቱ በየጤና ጣቢያው ተለጠፈ። ጭልጋ ላይ አንዲት እናት በእኔ ወረቀት መሠረት ልብሷ ተቀቀለላት፤ ድናም መቀነቷን እንደ ታጠቀች ቤቷ ገባች። ብዙ ሳትቆይ ሁለት ልጆቿን በትኩሳት ይዛ ተመለሰች። ትንሹ አልተነሣም።

ያን ጊዜ አያ ፈንቴ ተናገሩኝ፦ «ምነው ልጄ፣ ሥራዬን ስትወስድ ስሕተቴን ለእኔ ተውክልኝ? መድኃኒቱ እኮ እሱ ነበር።»

ወረቀቱን አስተካከልኩ። ለሐኪሙ «አንድ አንቀጽ ረስቼ ነው» አልኩ። ረስቼ ነበርን? አልረሳሁም። እኔ ሰረቅሁ፤ ያውም መርጬ ሰረቅሁ።

ከዚያ ወዲህ ብዙ ጽፌአለሁ፤ የማንንም ቃል ያለ ባለቤቱ ስም አላሰፈርኩም። በዚህ እኮራለሁ። ኩራቴ ልጁን አያስነሣውምና ምሕረት አልለምንበትም። ይህን ጽሑፍ ዛሬ ለሐኪሙ እሰጣለሁ፤ ከሥራ ቢያሰናብቱኝ አልከራከርም። የአያ ፈንቴን ቃል በስማቸው አኑሬአለሁ። የቀረው ሁሉ፣ ጥፋቱም ፊርማውም፣ የእኔ ነው።