ቀዳዳ የሌለው ማስተንፈሻ

አማቴ ሲናደዱ አይጮኹም። ድምፃቸው ይወርዳል፣ ከንፈራቸው ይሳሳል፣ እጃቸው ደግሞ የሆነ ነገር ማጠፍ ይጀምራል፤ ፎጣ ከተገኘ ፎጣ፣ ካልተገኘ የቀሚሳቸውን ጫፍ። ያን ቀን ከሐኪም ቤት ተመልሰው ወደ ኩሽና ሲገቡ ባሌ ፊቱ በደስታ በርቶ ይጠብቃቸው ነበር። እሳቸው ግን መጀመሪያ ያዩት ባዶውን መደርደሪያ ነው።

«ድስቴስ?»

«የቱ? ያ ፕሬዠር? እማዬ፣ እሱ ዕድሜውን ጨርሷል። ለቆራሌው ሰጠሁት። ነይ፣ ምን እንዳመጣሁልሽ እዪ!»

ጠረጴዛው ላይ ከካርቶኑ የወጣ አዲስ ፕሬዠር ተቀምጧል። ፊት ያሳያል፣ መስታወት በለው። ባሌ የኢንሹራንስ ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ስለ ተቃጠለ ቤትና ስለ ተገለበጠ መኪና ሲያነብ ይውልና ቤት ሲገባ ያንኑ በስልኩ ይፈልጋል። በዚያ ሳምንት አንድ ፕሬዠር ፈንድቶ ኮርኒስ ሲበሳ የሚያሳይ ቪዲዮ አይቶ ሰላም አጥቶ ነበር። ቆራሌው ሲጠራ እኔም ቤት ነበርኩ። «እሳቸውን ሳትጠይቅ?» ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ስለዚህ ይህን የማወራው ከደሙ ንጹሕ ሆኜ አይደለም።

አማቴ ከወንበሩ ላይ ፎጣ አነሱና አራት ቦታ አጠፉት።

«እዚህ ቤት ስንት ሰው ነን?»

«ሦስት።»

«ይሄ አሥር ሊትር ነው። ልትድረኝ ነው?»

ባሌ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም።

አማቴ ሠላሳ አንድ ዓመት የሠሩት በአንድ ሆስፒታል የልብስ ማጠቢያ ክፍል ውስጥ ነው። ሲገቡ አንሶላ የሚያሰጡ ልጅ እግር ነበሩ፤ ኋላ ማጠቢያውን፣ ከዚያ መተኮሻውን፣ በመጨረሻም እንፋሎት የሚያመነጨውን ቦይለር ያዙ። የሥራ ባልደረቦቻቸው «እንፋሎት» ይሏቸው ነበር። ቧንቧው ሲያፏጭ ሰምተው የቱ መጋጠሚያ እንደ ላላ ከክፍሉ ማዶ ሆነው የሚናገሩ እሳቸው ብቻ ነበሩ። ያ ሥራ የቀኝ አውራ ጣታቸውን ጎድቶባቸዋል፤ ከዓመታት በፊት በመተኮሻው ተይዞ ከዳነ ወዲህ አይታጠፍም።

ከዚያ ሥራ ይዘውት የወጡት ንዴት ግን ስለ ጣታቸው አይደለም። ቀጮ ስለሚሏት ጓደኛቸው ነው። አንድ ጠዋት አማቴ ቦይለሩን ሲፈትሹ የደኅንነት ቫልቩ በሽቦ ታስሮ አገኙት። ግፊቱ ሲበዛ እየተከፈተ ሥራ ያቋርጣል ብሎ ያሰረው አለቃቸው ነው። ሄደው ነገሩት።

«ሴትዮ፣ አንቺ አንሶላሽን እጠፊ» አላቸው።

ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አንዱ መጋጠሚያ ተበጠሰ። ቀጮ ከትከሻዋ እስከ ክርኗ ተቃጠለች። ሪፖርቱ ሲጻፍ አደጋው የደረሰው «በሠራተኛዋ የጥንቃቄ ጉድለት» ነው ተባለ፣ አማቴም ምስክር ተብለው እንዲፈርሙ ወረቀቱ ቀረበላቸው። አልፈርምም አሉ። ለዚህም ሁለት ዓመት ከቦይለሩ ተነሥተው ማጠፊያ ጠረጴዛ ላይ ቆሙ። ይህን ታሪክ ባሌ ከልጅነቱ ጀምሮ መቶ ጊዜ ሰምቶታል፤ ብዙ ጊዜ ስለ ሰማው ይመስለኛል መስማት የተወው።

እንግዲህ ባሌ ስለ እንፋሎት ሊያስተምር የተነሣው እኚህን ሴት ነው።

«ሲከፈት እንዲህ ነው» አለ ባሌ፣ ሁለቱን እጀታዎች ይዞ ክዳኑን እያሽከረከረ። «ቀላል ነው።»

አማቴ ሞከሩት። ክዳኑ ሁለት ጠንካራ እጅ ይፈልጋል፤ የሳቸው አውራ ጣት ደግሞ እጀታውን አይጨብጥም። አልዞረም። ውኃ እስከ ግማሽ ሞልተው ሊያነሡት ሲሉ ከበዳቸው፣ መልሰው አስቀመጡት። ከዚያ መነፅራቸውን አድርገው ክዳኑን ወደ መስኮቱ ይዘው ዞሩ።

ክዳኑ ላይ ሁለት ማስተንፈሻ አለ። አንዱ ክብደት የሚቀመጥበትና የሚያፏጨው ነው። ሁለተኛው ትንሽ ነው፤ የመጀመሪያው በምግብ ፍርፋሪ ቢደፈን የታመቀው እንፋሎት በእሱ በኩል እንዲወጣ ነው የተሠራው። አማቴ ከመስፊያ ሣጥናቸው መርፌ አመጡ። በመጀመሪያው ሰደዱት፤ አለፈ። በሁለተኛው ሰደዱት፤ ቆመ። ገልብጠው ከውስጥ በኩል ሞከሩት። ቆመ።

«ቀዳዳ የለውም» አሉ፣ ድምፃቸው መሬት ወርዶ። «እንዲያምር ነው የለጠፉት።»

ባሌ መርፌውን ተቀብሎ ራሱ ሞከረ። ለእሱም አላለፈም። «ለአንቺ ብዬ እኮ ነው» አለ።

«ለእኔ ከሆነ እኔን ጠይቀኝ! ያ የሰጠኸው ድስት በየዓመቱ የክዳኑን ዙሪያ ጎማ፣ ጎሚኒውን፣ የምቀይርለት፣ በየሳምንቱ ቀዳዳውን የምጠርግለት ነበር። ሳላውቀው የተቀመጠ ዕቃ አልነበረም። አሮጌ ያልከው እሱን ነው ወይስ እኔን?»

በማግሥቱ ጠዋት ካርቶኑን ተሸክሜ ተከተልኳቸው። ሱቁ ሰፊ ነው፤ ድስቶቹ እስከ ጣሪያው ተደርድረዋል።

«ይግቡ ማዘር!» አለ ሻጩ። ከዚያ ፊቱን ወደ እኔ አዞረ። «ለማዘር ምን እንፈልግላቸው?»

«ማዘር እዚሁ ቆማለች፤ እሷን ጠይቃት» አሉት አማቴ። ክዳኑን ባንኮኒው ላይ አኖሩ። «ይሄ ትንሹ ምንድን ነው?»

«ሴፍቲ ነዋ! ዋናው ቢዘጋ በዚህ ይተነፍሳል።»

«በዚህ?»

«በዚህ።»

«እንካ፣ መርፌ አሳልፍልኝ።»

ሻጩ እየሳቀ ተቀበለ። ገፋው። መርፌው ጎበጠ። «ያው አንድ አንዱ ከፋብሪካ ሲወጣ...» ብሎ ጀመረ።

«ሌላ አውርድ።»

ሌላ አወረደ። ሦስተኛም አወረደ። አንዱም አላለፈም። አጠገባችን አንዲት ነፍሰ ጡር ወጣት ያንኑ ዓይነት ፕሬዠር አስጠቅልላ በር ልትወጣ ነበር። አማቴ ክንዷን ያዙ። «የኔ ልጅ፣ ፍቺው። ይሄን ይዘሽ ቤትሽ አትገቢም።» ልጅቷ ግራ ገብቷት አንዴ እሳቸውን አንዴ ሻጩን ታያለች። በመጨረሻ ጥቅሉን ባንኮኒው ላይ መለሰችው።

ይህን ጊዜ ባለሱቁ ከጓዳ ወጣ። ደህና የለበሰ፣ ዘነጥ ያለ ሰው ነው። «እናቴ፣ ምነው ገበያ ይዘጉብናል? ስንት ሰው ወስዶ እየቀቀለበት ነው። ዕቃው በራሱ አይፈነዳም። የሚፈነዳው ተጠቃሚው ጥንቃቄ ሲጎድለው ነው።»

የቀሚሳቸውን ጫፍ ሲያጥፉ የነበሩት እጆች ቆሙ። እኔ ስምንት ዓመት አብሬያቸው ስኖር ሲጮኹ የሰማሁት ያኔ ብቻ ነው።

«ጥንቃቄ? ማን ነው ጥንቃቄ የጎደለው? ቀዳዳ ሳይበሳ ቀዳዳ ነው ብሎ የሸጠው ወይስ አምናው የገዛችው? ልጅቷ ሆዷን ይዛ ከምድጃው ፊት ስትቆም፣ ፊቷ ሲላጥ፣ ጥፋቱ የሷ ነው ልትል ነው! ወረቀት ላይም ልታስጽፍባት ነው! አውቃችኋለሁ እኮ! ቃሉ እንኳ አይለወጥም!»

ከውጭ ሁለት ሰዎች አንገታቸውን አስገቡ። ባለሱቁ እጁን አነሣ። «እሺ፣ እሺ እናቴ። የፈለጉትን ይምረጡና ይቀይሩ፤ ብቻ ይረጋጉ።»

ይሄ ሰው በአንድ ደቂቃ የሚገላገል መስሎት ነበር። አማቴ አንድ ሰዓት ፈጁ። ቀጭኑን አሉሚኒየም በጣታቸው ጫፍ እያንኳኩ መለሱት። ሁለት እጅ የሚፈልገውን ሁሉ መለሱ። በኤሌክትሪክ የሚሠራውን ሻጩ ሲያሞግስላቸው «መብራት የሄደ ቀን አንተ መጥተህ ታበስልልኛለህ?» አሉት። ያለ ጎሚኒ መለዋወጫ የሚሸጠውን ገና ሳይነኩ አለፉት። በመጨረሻ አንድ አምስት ሊትር የብረት ፕሬዠር አገኙ፤ ታቹ ወፍራም ነው፣ በግራና በቀኝ ጆሮ አለው፣ ክዳኑ የሚዘጋው ከላይ በመዳፍ ሲጫኑት ነው። ውኃ አስሞልተው አንሥተው ሦስት እርምጃ ሄዱበት። ክዳኑን ወደ ብርሃን ይዘው በሁለቱም ማስተንፈሻ ውስጥ ሰማይ አዩ። ሻጩ ጥዶ እንዲያሳያቸው አዘዙ፤ እንፋሎት ባለበት ክዳኑን ሊከፍት ታገለ፣ እንቢ አለው። «ይሄን ውሰጂ» አሉኝ። ለነፍሰ ጡሯም የዚያኑ ጓደኛ አስወረዱላት።

«የቀሩትንስ ከመደርደሪያው ታወርዳቸዋለህ?» አሉት ባለሱቁን ሲወጡ።

«አወርዳለሁ፣ ምን ችግር አለው።»

ከሦስት ቀን በኋላ ከሥራ ስመለስ በዚያ በኩል አለፍኩ። እንደ ተደረደሩ ናቸው፤ እንዲያውም አንዱን መስኮቱ ላይ አውጥቶታል። ባልነግራቸው ቤታችን ሰላም ይሆን ነበር። ነገርኳቸው፤ አንዴ ዝም ብዬ ያየሁትን አይቻለሁ።

ንግድ ቢሮ ስንገባ ሰልፉ እስከ ደረጃው ነበር። ተራችን ሲደርስ ሠራተኛው ብዕሩን አዘጋጅቶ ጠየቀ፦ «የተጎዳ ሰው አለ?»

«የለም።»

«ታዲያ አቤቱታው ምንድን ነው?»

«የተጎዳ ሰው ላመጣልህ ነው እንዴ? ተቃጥላ እስክትመጣ ልጠብቅ?» አሉት አማቴ። «እንደሱ ከሆነ ሆስፒታል ልሂድ፤ እዚህ ምን አመጣኝ?»

ሠራተኛው ብዕሩን ወደ እኔ ገፋው። እሳቸው እየነገሩኝ ጻፍኩ፤ እሳቸው ፈረሙ። ከሥር «በሞያዬ የቦይለር ሠራተኛ» ብለው በእጃቸው ጨመሩበት።

ባሌ በነዚያ ቀናት ቤት ውስጥ እንደ እንግዳ ነበር። እሑድ ዕለት አማቴ ኩሽና ጠርተው ባቄላ ከፊቱ አስቀመጡ። «ቀቅል» አሉት። ውኃውን እስከ አፉ ሊሞላው ሲል መዳፉን መቱት። «ባቄላ አረፋ ያወጣል፤ አረፋው ማስተንፈሻውን ይደፍናል። ከግማሽ አታሳልፍ! ስለ አደጋ እያነበብክ ይሄን አልነገሩህም?» ሙሉ ጠዋቱን አንድም ደግ ቃል ሳይወጣቸው አስተማሩት። እሱም እንዳሉት እያደረገ ቆየ። ባቄላው ግን በሰለ፤ በላነው።

ከሁለት ሳምንት በኋላ ቢሮው ደወለ። ተቆጣጣሪዎች ሄደው ሰባት ፕሬዠር ይዘዋል፤ ባለሱቁም ማስጠንቀቂያ ተጽፎለታል። ስልኩን ለአማቴ ሰጠኋቸው። እኔ ደስ ብሎኛል። ባሌም ከሶፋው ተነሥቶ «ጎበዝ እማዬ!» አለ።

«ሰባት?» አሉ እሳቸው። «እኔ መደርደሪያው ላይ ከሃያ በላይ አይቻለሁ። የቀሩት የት ሄዱ?»

«ማዘር፣ ሰባቱ ተያዙ እኮ!» ሲል የቢሮው ሰውዬ ድምፅ ከስልኩ እስከ እኔ ድረስ ተሰማ። «ሌላውን ሸጦት ይሆናላ። እሱን በምን እናውቃለን?»

አማቴ ስልኩን መለሱልኝና ሶፋው ላይ የነበረውን ሻርፕ ማጠፍ ጀመሩ። ከዚያ ማጠፉን ትተው ትከሻቸው ላይ ጣሉት።

«ነገ ሥራ ስንት ሰዓት ነው የምትገቢው?» አሉኝ።

ለመሥሪያ ቤቴ ደውዬ ነገ ከአማቴ ጋር ንግድ ቢሮ ደርሼ ስለምመጣ እንደማረፍድ ተናገርኩ።