የሴት ወግ
ዕድሜዋ ሠላሳ አንድ ነው፤ የተኛችው በቀዶ ሕክምና ክፍሉ መስኮት አጠገብ ነው። ጸጉሯን አጥብቃ ጎንጉናለች፤ ሰው ሲያናግራት አስቀድማ አንሶላዋን ታስተካክላለች። የማኅፀን ሽፋን ከቦታው ውጭ የሚበቅልበት ሕመም በግራ እንቁላል ማምረቻዋ ላይ ደም ያቆረ ከረጢት አበጅቶ ነበር። ከረጢቱ አመርቅዞ ትኩሳት ቢያንቀጠቅጣት፣ ትናንት ሐኪሞቹ ሆዷን ከፍተው መግሉን አወጡላት፤ ማምረቻውን ግን ማትረፍ አልቻሉም።

ከልጅነቷ ጀምሮ በየወሩ በሕመም ስትጎብጥ እናቷ፣ «የሴት ወግ ነው፤ ቻል አድርጊው» ትላት ነበር። መቻል እንደ ምግባር በሚቆጠርበት ቤት አድጋለችና ቻለችው።

ዛሬ ሳል ሲተናነቃት፣ ነርሷ ገና ሳትደርስ አልጋዋ አጠገብ የተቀመጠችው እናቷ ትራስ አንስታ ቁስሏ ላይ ጫነችላት።

«በሁለት እጅሽ እቀፊው፤ አለዚያ ስፌቱ እሳት ይሆንብሻል።»

«ይሄን ማን ነገረሽ፣ እማዬ?»

እናትየዋ የትራሱን ጠርዝ አስተካከለች። «እኔም አንቺን ከወለድኩ በኋላ ለዚሁ ሕመም ኦፕራሲዮን ተደርጌያለሁ። አባትሽን እንኳ ትርፍ አንጀት ነው ብዬ ነው ያሳመንኩት።»

«ለአባባስ ይሁን። እኔም አባባ ነኝ?»

«እንዳትፈሪ ብዬ ነው፣ ልጄ።»

«ታናሽ እህቴም ሰሞኑን ሆዷን ይዛ ከትምህርት ቤት ቀርታለች። ለእሷስ ምን አልሻት?»

እናትየዋ እጇን ትራሱን ባቀፈው የልጇ እጅ ላይ አሳረፈች። እስኪ እናንተ ፍረዱ፦ ልጅቱ ያንን እጅ ትግፋው ወይስ ትያዘው?