የእንኳየሁ መስመር

መምህር አብዱልባሲጥ እንደ እኔ ከጠመኔ ጋር ያረጀ ሰው አይደለም። አባቱ አራዳ ገበያ ውስጥ ጨርቅ ነጋዴ ነበሩ፤ እሱ ግን ሱቁን ለወንድሞቹ ትቶ የትምህርት ቤታችንን የኮምፒውተር ክፍል ተረከበ። እጁ ወርቅ ነው። የተበላሸውን ጠግኖ፣ ሽቦውን ቀጥሎ፣ ልጆቹ በኦንላይን ሲፈተኑ የእያንዳንዱን ሥራ እዚያው በዚያው የሚያይበት መላ አበጀ። ስክሪኑ ላይ የልጁ ስም አለ፣ ከስሙ ጎን መስመር አለ፤ ልጁ አንድ ጥያቄ በመለሰ ቁጥር መስመሩ ይገፋል።

እኔ አልወደድኩለትም፤ አስተማሪ በወንበሮች መሃል እየዞረ ፊት ማየት አለበት ባይ ነኝ። እሱ ይስቅብኛል። ፊት ያታልላል፣ መስመር አያታልልም ይለኛል።

እንኳየሁ ከትክል ድንጋይ መጥታ ቤት ተከራይታ የምትማር ልጅ ነበረች፤ የልብ ሕመም አለባት። በ2009 መስከረም ላይ እናቷ ወይዘሮ ይመኙሽ አብዱልባሲጥን ፈልገው አገኙትና፣ ልጅቷ ድንገት ፀጥ ካለች ቶሎ ሐኪም ቤት እንዲያደርስላቸው አደራ አሉት። ኢንሻአላህ ብሎ ተቀበለ። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ነው፤ ከዚያ ወዲህ በየፈተናው ዓይኑ ከመስመሯ አይነቀልም። ሁለት ጊዜ መስመሯ ሲቆም ሮጦ አትርፏታል።

ሚያዝያ ላይ የእኔን የሒሳብ ፈተና ተፈተኑ፤ ሃያ ጥያቄ። ምን አባቴ ነክቶኝ እንደሆነ እንጃ፣ ያን ቀን አልዞርኩም። ክፍሉ ጥግ ላይ ከእሱ ጎን ተቀምጬ ስክሪኑ ላይ መስመር ሳይ ዋልኩ። የእንኳየሁ ደህና ይሄድ ነበር። ፈተናው ሊያበቃ ጥቂት ደቂቃ ሲቀረው መስመሯ አሥራ ሰባት ላይ ቆመ። አብዱልባሲጥ ሊነሣ ሲል መስመሩ ገፋ። አሥራ ስምንት። አሥራ ዘጠኝ። ሃያ። ተመልሶ ተቀመጠ።

ደወል ተደውሎ ልጆቹ ሲነሡ እንኳየሁ አልተነሣችም። ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፍታለች፤ ሁለቱም እጆቿ ጭኗ ላይ ናቸው። ብነካት ቀዝቅዛለች። ሐኪሙ ደወሉ ሲደወል ከሞተች ግማሽ ሰዓት አልፏት ነበር አለን።

ከጎኗ የምትቀመጠው ሪሃና የአንድ ለአምስት ቡድናቸው መሪ ናት። ደካማውን መጎተት የመሪ ግዴታ ነው፤ እንዲህ ያስተማርናቸው እኛው ነን። እያለቀሰች ነገረችን። እንኳየሁ የመጀመሪያዎቹን አምስት ጥያቄዎች ሠርታ ስትደፋ እንቅልፍ የወሰዳት መስሏት፣ እጇን ዘርግታ ቀሪውን ሠራችላት። አሥራ ሰባት ላይ ስትደርስ እኔ ሳልኩ፤ ደንግጣ እጇን ሰበሰበች። የመጨረሻዎቹን ሦስቱን አልነካሁም ብላ ማለች።

ሦስቱም ትክክል ናቸው። አብዱልባሲጥ ማሽኑን ሦስት ቀን ፈታትቶ አየው፤ ምንም አላገኘበትም። እኔ እስካሁን እዚያ ክፍል ብቻዬን አልገባም፤ እፈራለሁ።

ለቅሶ ልንደርስ ትክል ድንጋይ ሄድን። አብዱልባሲጥ በመንገዱ ሁሉ አደራ በላሁ እያለ ሲያለቅስ ነበር። ወይዘሮ ይመኙሽ ግን አልወቀሱትም፤ አጠገባቸው አስቀምጠው ልጃቸው ስትሞት ምን ትሠራ እንደነበር ጠየቁት። ፈተና ላይ ነበረች አላቸው። ስንት አገኘች አሉት። ሃያ ከሃያ አላቸው።

«ራሷ ናት የሠራችው?»





«የመጀመሪያዎቹን አምስቱን ራሷ ናት» አለ። «የመጨረሻዎቹንም ሦስቱን።»