ወንድም ጋሼ የተቀመጠበት ትርፍ

ሶፋ ቤቱ የወንድምና የእህት ነው። ወንድምየው እንጨቱንና ሠራተኛውን ያዛል፤ እህትየው ሒሳቡን ትይዛለች። ደንበኛን ቀና ብሎ ማየት የሚያሳፍራት ልጅ፣ ካልኩሌተር ስትጨብጥ ግን ምሕረት የላትም። ሠራተኞቹ "መቀሷ" ይሏታል።

አንድ ቀን ወንድምየው እያፏጨ ገብቶ ቀዩ ሶፋ ላይ ዘፍ አለ።

"እህትአለም፣ ዘንድሮ ከግብር በኋላ ስድስት መቶ ሺህ አትርፈናል አላልሽም?"

"ብያለሁ።"

"በይ ድርሻዬን ቁጠሪ! መኪና አግኝቼ ሠላሳ ሺህ ቀብድ ሰጥቻለሁ። ሰውየው አሁን ይመጣል፤ ቀሪውን ካልከፈልኩት ቀብዴን መብላቱ ነው።"

ካልኩሌተሯን ወደ ጎን ገፋ አደረገች። ወንድሟን ማስከፋት አትችልበትም።

"ወንድም ጋሼ፣ ትርፍ ሁሉ እኮ በእጅ የሚገባ ገንዘብ አይደለም።"

"ታዲያ የት ገባ?"

"ተቀምጠህበታል።"

ብድግ ብሎ ሶፋውን ገለጥ ገለጥ አደረገ።

"ያልተሸጡት ሶፋዎችና በዱቤ የሰጠሃቸው ሦስት መቶ ሃምሳ ሺህ ውጠዋል" አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "አዲሱ የስፌት ማሽን መቶ ሃምሳ፣ ለባንክ የመለስነው ዋናው ብድር መቶ።"

"አለቀ እኮ!"

"አላለቀም። ለማሽኖቹ እርጅና ብዬ በወረቀት የቀነስኩት አርባ ሺህ ከካዝና ስላልወጣ መልሼ ደምሬዋለሁ። ለባለቤቶቹ የሚተርፈው እሱ ነው። ላንተ ሃያ።"

"በሃያ ሺህ ጎማ ልግዛ?"

ይህን ሲሉ መኪና ሻጩ ደረሰ። እንዲቀመጥ ጋበዙት። ቀዩ ሶፋ ላይ ተቀመጠና ተመችቶት ዓይኑን ጨፈነ።

"ይሄ ስንት ነው?"

"ሰባ ሺህ" አለ ወንድምየው በደከመ ድምፅ። "መኪናው ግን ቀርቶብኛል፣ ወንድሜ።"

"ለመኪናው ሌላ ገዢ አለኝ፤ ቀብድህን አልበላብህም። እንግዲያው ቀብዱን ከሶፋው ልቀንስና አርባ ልክፈል።"

"ተስማማን!" ብሎ ወንድምየው እጁን ዘረጋ።

"አይቀነስም!" ያለችው እህትየው ናት። ፊቷ እንደ ሶፋው ቀላ። "ቀብዱን የሚመልሱት ለእሱ፣ ሰባውን የሚከፍሉት ለቤቱ ነው። ሲደመር መቶ።"

ሰውየው አንዴ እሷን፣ አንዴ ወንድሟን አየ። ከዚያ ሳቀ።

"አምስት ቀንሺልኝና ልውሰደው።"

ቀነሰችለት፤ ሰውየውም ቆጥሮ ከፈለ። ወንድምየው ሠላሳውን ኪሱ ከትቶ እህቱ ካዝና ውስጥ የምታስገባውን ስድሳ አምስት በዓይኑ ተከተለው።

"ይሄስ?"

"ከአርባው ጋር ይደመራል። እኩል እንካፈላለን።"

በጣቱ ሲያሰላ ቆየና፣ ሶፋውን ለመጫን ጎንበስ ወዳለው ሻጭ ዞረ።

"ወንድሜ፣ ሞተር ብስክሌትስ ትሸጣለህ?"