ሐጂ ሙናዊር አስቀድመው የሸጡት ዶክተር

ሐጂ ሙናዊር በእጃቸው የሌለ ዕቃ አይሸጡም። መርካቶ፣ ዱባይ ተራ ውስጥ ይህን የማያውቅ ደላላ የለም። አንድ ጊዜ አንድ የጅማ ነጋዴ ዕቃቸው ጂቡቲ መድረሱን ሰምቶ፣ የልጆች ጫማውን ጠቅልዬ ልውሰድ ቢላቸው፣ "ጂቡቲ ያለ ጫማ የጂቡቲ ነው፤ መጋዘኔ ሲገባ ና" ብለው መለሱት። ሰውየው ተናዶ ከሌላ ገዛ። እሳቸው ግን ሃይማኖቴ ከልክሎኛል ብለው ሻያቸውን ጠጡ። እኔ በለጥሻቸው፣ ከፊት ለፊታቸው አንሶላ የምሸጠው፣ በዚህ ጠባያቸው ስስቅባቸውም ስቀናባቸውም ኖሬያለሁ።

እንግዲህ "ላም አለኝ በሰማይ" የሚለውን ሰው እንደ ጉድ የሚያዩት እኚህ ሰው ናቸው የገዛ ልጃቸውን አስቀድመው የሸጧት።

ሚሊኒየሙ ከተከበረ ሁለት ዓመት ቢያልፈው ነው። የመጨረሻ ልጃቸው ሐጀራ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ውጤቷ ሲመጣ ሰፈሩን ጉድ አሰኘች። ሕክምና የሚያስገባ ውጤት ነበር። ሐጂ በማግስቱ ምን አለሽ ተራ ሄደው "ዶ/ር ሐጀራ ሙናዊር" የሚል የቆርቆሮ ሰሌዳ አሠሩና ሱቃቸው ውስጥ ከጫማዎቹ በላይ ሰቀሉት። አገር ቤት ደውለው ሽማግሌዎቹን ለዶክተሯ ዱዓ አስደረጉ። ተሸካሚው ሳይቀር "የዶክተሯ አባት፣ መንገድ!" ይላቸው ጀመር። እኔም ብሆን እንኳን ደስ ያለዎት ብዬ ሰሌዳውን በአንሶላ ወልውዬላቸዋለሁ፤ ውሸት ምን ያደርጋል።

ልጅቷን የጠየቃት ሰው ግን አልነበረም።

ሐጀራ ልቧ የቆረጠው ከዚያ በፊት ነው። ታላቅ እህቷ ሰዓደት ስታምጥ፣ ለምና ገብታ አጠገቧ የዋለችው እሷ ነበረች። ሐኪሙ መጣ፣ አየ፣ ደህና ናት ብሎ ወደ ሌላዋ ሄደ፤ ሥራው ነውና ማንም አይወቅሰውም። አዋላጇ ግን ንቅንቅ አላለችም። ወገቧን አሸችላት፣ አብራት ተነፈሰች፣ ስትሰደብ ሳቀች፣ በመጨረሻም ልጁን ተቀበለች። "እትዬ በለጡ፣ እኔ መጥቶ የሚሄደውን ሳይሆን የምትቆየዋን ነው መሆን የምፈልገው" አለችኝ አንድ ቀን ሱቄ ቁጭ ብላ።

"አባትሽ ይሞታሉ" አልኳት።

"አይሞቱም" አለችኝ።

የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ምርጫ የሚሞላበት ቀን ደረሰ። ሐጀራ አዋላጅነትን አንደኛ ምርጫዋ አድርጋ ሞላችና ቀጥ ብላ ወደ አባቷ ሱቅ መጣች። እናቷን አልላከችም፣ አማላጅ አልፈለገችም፤ ገበያው በደራበት፣ ሰው ግጥም ብሎ በቆመበት ነገረቻቸው።

ከእሳቸው ቀድሞ የጎረቤት ሱቅ ባለቤት ሰላሁዲን ጥልቅ አለ። "ውጤቱ ሳይሞላላት ቀርቶ ነዋ! አይዞሽ፣ ነርስም ሰው ነው።"

ዞር አለችበት። "ጋሼ ሰላሁዲን፣ ውጤቴ ለሕክምና ይበቃል፤ ከፈለጉ ተርፎ ይመነዘርልዎታል። ያቃተኝ ነገር የለም። አልፈልግም ነው ያልኩት።"

የሐጂ ፊት ተለዋወጠ። "ገበያው ሁሉ ዶክተር ብሎሻል! አገር ቤት ዱዓ ተደርጎልሻል! ወላሂ፣ እኔ ከእንግዲህ በምን ፊቴ ነው እዚህ የምቆመው?"

"አባ፣ እኔ ጂቡቲ ያለ ጫማ የጂቡቲ ነው ሲሉ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ታዲያ እኔን መጋዘንዎ ሳልገባ ለገበያው ሲሸጡኝ ማን ፈቀደልዎ?"

ድምጿን ከፍ አላደረገችም፣ አንቱታዋንም አልለቀቀችም። በአንቱታ የተነገረ እምቢታ ደግሞ ከስድብ ይከብዳል። ሰላሁዲን የራሱ ያልሆነ ጫማ አንስቶ ሶሉን መመርመር ጀመረ። እኔን በእሷ ዕድሜ ማንም ሳይጠይቀኝ ነው የዳሩኝ፤ እምቢ የሚለው ቃል ጉሮሮዬ ላይ እንደቀረ አረጀሁ። እና ያን ቀን ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም፤ አንሶላ የምታስለካኝን ደንበኛ ትቼ "ጎሽ!" አልኩ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ።

ሐጂ በርጩማ ላይ ወጥተው ሰሌዳውን አወረዱ። በብብታቸው ይዘው ሄዱ። ንዴታቸውን ፈርተን ማንም አልተከተላቸውም።

የከሰዓቱ የአስር ሶላት ካበቃ በኋላ ተመለሱ። መጀመሪያ የቆሙት ሰላሁዲን በር ላይ ነው። "ዶክተር ብዬ የሸጥኩልህ በእጄ አልነበረም። ሽያጩ ፈርሷል፤ አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ" አሉት። ከዚያ ወደሚቀጥለው ሱቅ፣ ከዚያም ወደሚቀጥለው። እኔም ዘንድ መጥተው ያንኑ ደገሙት። አንድ ደላላ ሊስቅ አፉን ከፍቶ ፊታቸውን ሲያይ መልሶ ዘጋው።

በመጨረሻ ሱቃቸው ገብተው ሰሌዳውን ገለበጡት። ቀለሙ ገና አልደረቀም፦ "አዋላጅ ሐጀራ ሙናዊር" ይላል። መዶሻ ሲያነሱ ሐጀራ እጃቸውን ያዘች።

"አይሰቀልም።"

"ደግሞ አሁን ምን ሆንሽ?"

"ገና መቼ ተማርኩና፣ አባ! እሱም በእጅዎ አይደለም።"

ሐጂ እሷን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። ሰሌዳውን መጋዘን አስገብተው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞሩት። ተመርቃ እስክትመጣ ድረስም፣ አዋላጇ ልጅዎ እንዴት ናት ያላቸውን ሁሉ "ገና ጂቡቲ ናት" ይሉት ነበር።