አንብበህ ለይ

ለነፍስ አባቴ እንኳ ያልተነፈስኩትን ነው ለማታውቀኝ ለአንተ ለአንባቢው የምጽፈው። እሳቸው ፊት ስንበረከክ ስለ መጠጤና ስለ ስድቤ እዘረዝራለሁ፤ በትንንሹ ኃጢአት ትልቁን እከድናለሁ። መሐድንና መኪናውን አንድም ቀን አንስቼ አላውቅም።

ጅግጅጋ ውስጥ መካኒክ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በአርባ ስድስት ዓመቴ ነው። ከዚያ በፊት ዘይቱን በክዳኑ ቀለም፣ ዕቃውን በመልኩ እለይ ነበር። የሚነበብ ነገር ሲሰጡኝ «መነጽሬን ቤት ረሳሁ» እላለሁ። መነጽር ኖሮኝ አያውቅም።

መሐድ የጨርቅ ነጋዴ ልጅ ነው። በድንበሩ በወጃሌ በኩል የገባች፣ መሪዋ በቀኝ የሆነ፣ ባለ ሁለት በር ዝቅ ያለች የስፖርት መኪና ነበረችው። እሱና ጓደኞቹ ጁምዓ ከሶላት በኋላ በቱሊ ጉሌድ መንገድ ካለው ሜዳ ላይ በርሜልና አሮጌ ጎማ ደርድረው፣ ሰዓት እየያዙ ይነዳሉ። ለዚያ እንድትሆን አዘጋጅልኝ አለኝ። የኋላ ወንበሯን ነቀልኩ፣ ሞላዋን አሳጠርኩ፣ የጭስ ማውጫዋን ማርሚታ ቀየርኩ። እውነት ለመናገር እንደዚያ ደስ ብሎኝ ሠርቼ አላውቅም።

የቀረው ፍሬኑ ነበር። መሐድ ሁለት ጠርሙስ ዘይት በአንድ ፌስታል ላከ፤ የሁለቱም ክዳን ቢጫ። ከዚያ ደወለ።

«አዴር፣» አለኝ፤ በሶማሊኛ አጎቴ ማለቱ ነው፤ «አንዱ የመሪ ዘይት ነው፣ አንዱ የፍሬን። ይመሳሰላሉ፤ አንብበህ ለይ።»

«አንተ ሳትወለድ ፍሬን የፈታሁ ሰውዬ፣ አንብብ ትለኛለህ?»

«አትቆጣ እንጂ! መነጽርህን ይዘሃል?» ብሎ ሳቀ።

«አንብቤዋለሁ» አልኩት።

አነበብኩ አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ከጋራዤ አጠገብ ፎቶ ኮፒ ቤት አለ፤ ሃያ እርምጃ አይሞላም። ጠርሙሱን ይዤ ገብቼ «ይሄ ምን ይላል?» ብል ምን ነበረበት? ባሸተው እንኳ ይለይልኝ ነበር። እልህ ያዘኝና አላሸተትኩም። እጄ የገባውን ከፍቼ ፍሬኑ ውስጥ ገለበጥኩት።

የመሪ ዘይት የፍሬኑን ላስቲክ፣ ጎሚኒውን፣ የሚያበላሸው ቀስ ብሎ ነው። የመጀመሪያው ጁምዓ በሰላም አለፈ፤ እኔም ሜዳው ዳር ቆሜ አጨበጨብኩ። በሁለተኛው ግን መኪናዋ መታጠፊያው ጋ ስትደርስ ቀጥ ብላ ሄዳ ድንጋይ ክምር ውስጥ ገባች። የመሐድ ቀኝ እግር ከጉልበቱ በታች ደቀቀ።

መኪናዋን ጎትተው ወደ እኔው አመጧት። ማንም ሳያይ ፍሬኑን ፈታሁት። ጎሚኒው ውሃ እንደገባበት ዳቦ አብጧል። ያኔ አወቅኩ። አጠብኩት፣ ቀየርኩት፣ ትክክለኛውን ዘይት ሞላሁበት። ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ሲረግጠው ፍሬኑ ያዘ።

ከተማው «መርቅኖ ነው» አለ። አባቱም አሉ። መሐድ ጫት አይቅምም። ሆስፒታል ልጠይቀው ስገባ እጄን ያዘኝ።

«አዴር፣ እውነቱን ንገረኝ። ፍሬኑ እምቢ አለኝ ወይስ እኔ ነኝ ዘግይቼ የረገጥኩት?»

«አንተ ነህ» አልኩት።

እግሩን ያደቀቀው ስህተቴ ነው እንበል። ይሄንን ግን በምን ላሳብብ? ጠየቀኝ፤ ዋሸሁት። ዓይኑን እያየሁ ዋሸሁት።

ከዚያ የጎልማሶች ትምህርት ገባሁ። «በዚህ ዕድሜ! ጎበዝ!» ይሉኛል። ዕውቀት የጠማኝ መስሏቸው ነው። እኔ የተማርኩት ከመደርደሪያው ጀርባ የደበቅኩትን ባዶ ጠርሙስ ለማንበብ ነው። አማርኛውን ጨርሼ የእንግሊዝኛውን ፊደል ያዝኩ። አንድ ቀን አወጣሁትና በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። «ስቲሪንግ» ይላል፤ መሪ ማለት ነው። ደቂቃ አልፈጀብኝም።

መሐድ አሁን በከዘራ ነው የሚሄደው። በአባቱ ሱቅ ተቀምጦ ጨርቅ ይለካል፤ የሱቁን ቁልፍ ግን አባቱ እስከ ዛሬ አያምኑትም፤ መርቃኝ ነው ብለዋላ። መኪና የሚወዱ ወጣቶች ሲመጡ «እኔ ዘግይቼ ረግጬ ነው፤ እናንተ ተጠንቀቁ» ይላቸዋል። የእኔን ውሸት ምክር አድርጎ ያድላል።

ስላልተማርኩ ነው አልልም። ማይም ሁሉ የሰው እግር አላደቀቀም። ይቅር በለኝ ብዬም አልለምንህም፤ የበደልኩት አንተን አይደለም። ጠርሙሱን ወልውዬ ፌስታል ውስጥ ከትቼዋለሁ። አባትየው ከሱቅ የማይጠፉበትን ሰዓት አውቃለሁ። አንብብ ብሎኝ ነበር፤ ነገ እሳቸው ፊት ቆሜ አነብለታለሁ።